የቪዲዮ ቻናል ከመክፈት በፊት፦ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የምርምር ውጤትን ለሕዝብ ለማድረስ የሚደረግ ውሳኔ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በአዳማና በኦሮሚያ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚሠራ ተመራማሪ ወይም የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጥናቱን ውጤት ለማሰራጨት የበይነመረብ ቪዲዮ ቻናል ለመክፈት ሲያስብ ምን ምን ጉዳዮችን፣ በምን ቅደም ተከተል መመርመር እንዳለበት ያብራራል። በአካባቢው የመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚገኘው የፍሎራይድ ችግር እንደ ማሳያ ተወስዷል። የሀገራችን የፕላዝማ ትምህርትና የግብርና ኤክስቴንሽን ቪዲዮዎች ልምድ፣ የመድረኮቹ አሠራርና አግባብነት ያላቸው አዋጆችም ተቃኝተዋል። የጽሑፉ መከራከሪያ ቪዲዮ መሥራትና ቻናል መክፈት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው የሚል ነው። የመጀመሪያው የሚወሰነው በመልእክቱ ነው፤ ሁለተኛው ግን ለዓመታት ኃላፊነት የሚሸከም አካል በመኖሩና ባለመኖሩ ላይ ይመሠረታል።

ቁልፍ ቃላት፦ የቪዲዮ ቻናል፣ የምርምር ተግባቦት፣ ፍሎራይድ፣ አዳማ፣ ስምጥ ሸለቆ

1. መነሻ

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን ለጎን የማኅበረሰብ ተሳትፎን ከዩኒቨርሲቲዎች ተልእኮዎች አንዱ አድርጎ ያስቀምጣል። በተግባር ግን አንድ የማስተርስ ጥናት በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በፈታኞች ፊት ቀርቦና ጸድቆ ወደ ቤተ መጻሕፍት ከገባ በኋላ ስለ እነርሱ የተጠናው ሰዎች ጋር የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነው። «ታዲያ ለምን ቻናል አንከፍትም?» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ክፍተት የሚነሣ በመሆኑ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሐሳቡን አጓጊ የሚያደርገው የመነሻ ወጪው ዝቅተኛነት ነው። በዩቲዩብ ላይ ቻናል ለመክፈት የኢሜይል አድራሻና ስልክ ይበቃል፤ ክፍያ የለም፤ ፈቃጅም የለም። ወጪው የሚመጣው ከተከፈተ በኋላ ነው፤ የሚከፈለውም በጊዜ፣ በስምና በኃላፊነት ነው። ስለሆነም ውሳኔው የሚመዘነው በመክፈቻው ቀን ቅለት ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ክብደት መሆን ይኖርበታል።

2. መልእክቱና ተቀባዩ፦ የፍሎራይድ ማሳያ

ጉዳዩን በተጨባጭ ለማየት በዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙ ከተጠኑት የአካባቢው ችግሮች አንዱን እንውሰድ። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ዓለቶች ውስጥ ስለሚያልፍና የካልሲየም ይዘቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በብዙ ቦታዎች ከፍተኛ ፍሎራይድ ይሸከማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ መጠን የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። መዘዙ በሕፃናት ጥርስ ላይ ቡናማ ቀለም ሆኖ ይጀምራል፤ ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ መገጣጠሚያን የሚያደርቅ የአጥንት ፍሎሮሲስ ያስከትላል። ከአዳማ አቅራቢያ በሚገኘው በወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ላይ ይኸው ሕመም መከሰቱ በሕክምና ጥናቶች ተመዝግቧል።

አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በመቂ፣ በባቱና በአካባቢያቸው ባሉ ቀበሌዎች የሚገኙ ጉድጓዶችን ለክቶ ጨርሷል እንበል። በእጁ ያለው አንድ ጥናት ቢሆንም ከእርሱ የሚወጡት መልእክቶች ቢያንስ ሦስት ናቸው። ለቤተሰቦች የሚነገረው ውሃን ማፍላት ፍሎራይድን እንደማያስወግድ፣ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ይበልጥ እንደሚጠነክር ነው። ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት የሚቀርበው የትኞቹ ጉድጓዶች በቅድሚያ መታከም ወይም መተካት እንዳለባቸው የሚያሳይ ካርታና ሰንጠረዥ ነው። ለሙያ ባልደረቦች የሚቀርበው ደግሞ የናሙና አወሳሰዱ፣ የላቦራቶሪ ዘዴውና የወቅት ልዩነቱ ነው።

ከሦስቱ ለቪዲዮ በእርግጥ የሚመቸው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከቪዲዮ ይልቅ ስብሰባና ሰነድ ያስፈልጋቸዋል፤ ባልደረቦች ጽሑፉን ማንበብ ይመርጣሉ። የመጀመሪያውም መልእክት ቢሆን «ተመልካቹ ከተመለከተ በኋላ ምን ማድረግ ይችላል?» የሚል ፈተና ማለፍ አለበት። በቀበሌው አማራጭ የውሃ ምንጭ ካለ፣ ወይም በአጥንት ከሰል አለዚያም አሉምና ኖራ በሚጠቀመው የናልጎንዳ ዘዴ የሚሠራ ማጣሪያ ካለ፣ ቪዲዮው እናትን ወደ ተሻለው ቦኖ ወይም ወደ ማጣሪያው ሊመራት ይችላል። ያለው ጉድጓድ ያ ብቻ ከሆነ ግን ለሕፃናቷ የሚጠጣ ሌላ ውሃ ለሌላት ሴት የሚተርፋት ጭንቀት ነው። በዚህ ጊዜ የምርምሩ የመጀመሪያ ጉዞ ወደ ካሜራ ሳይሆን ወደ ጽሕፈት ቤቱ መሆን ይገባዋል። ማጣሪያ ሲተከል ደግሞ ቪዲዮው ተራው ይደርሳል፤ የአጥንት ከሰል ከከብት አጥንት የሚሠራ በመሆኑ በእምነትና በባህል ምክንያት የሚነሡ ጥያቄዎችን ከወዲሁ መመለስም አንዱ ሥራው ይሆናል።

3. ከፕላዝማውና ከማሳው የተገኘ ልምድ

ኢትዮጵያ ቪዲዮን ለትምህርት በማዋል ረገድ እንግዳ አይደለችም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው በተለምዶ «ፕላዝማ» የምንለው የሳተላይት ትምህርት ለብዙዎቻችን የቅርብ ትዝታ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በአንድ ጊዜ ለመላው ሀገር ይተላለፍ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል ማያ ገጹ ይይዛል፤ መምህሩ በመጀመሪያና በመጨረሻ ባለችው ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ያጠቃልላል። የቀረቡበት ትችቶችም ይታወቃሉ፦ ፍጥነቱ ከተማሪው አቅም በላይ መሆኑ፣ ያልገባ ነገር ሲኖር ማቆም አለመቻሉ፣ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አብሮ መጥፋቱና መምህሩ የዳር ተመልካች መሆኑ። ከዚህ የምንረዳው የምስሉ ጥራት በአስረጂና በተማሪ መካከል ያለውን ምልልስ ሊተካ እንደማይችል ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደው ልምድ በግብርናው ዘርፍ ይገኛል። በሕንድ የተጀመረው የዲጂታል ግሪን አሠራር ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ተተግብሯል። በዚህ አሠራር አጫጭር ቪዲዮዎች በአካባቢው ቋንቋ፣ የአካባቢው አርሶ አደሮች እየሠሩ ይቀረጻሉ፤ ከዚያም የልማት ሠራተኛው በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለአርሶ አደር ቡድኖች ያሳያል። ምስሉን መሐል ላይ ያቆማል፣ ይጠይቃል፣ ጥያቄ ይቀበላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና ጤፍን፣ ስንዴንና በቆሎን የሚመለከት በዕጣ ምደባ የተደረገ የመስክ ሙከራ እንዳሳየው፣ ይህ አሠራር በተተገበረባቸው ቀበሌዎች የአርሶ አደሮቹ ግንዛቤም ሆነ በመስመር መዝራትን የመሰሉ አሠራሮችን መቀበላቸው ከመደበኛው ኤክስቴንሽን የተሻለ ነበር።

የሁለቱ ልምዶች ንጽጽር ለጥያቄያችን ወሳኝ ነው። በማሳው የተሳካው ቪዲዮ ቻናል አልነበረውም፤ አሳያ ነበረው። ተመልካቹ ፈልጎ እንዲያገኘው አልተጠበቀም፤ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው ይዞለት መጣ። የፍሎራይድ መልእክታችንም በመቂ ወይም በአርሲ ነጌሌ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ ውስጥ ሆኖ በቡና ሰዓት ለአሥር ጎረቤቶች ቢታይ፣ በመድረኩ ላይ አንድ ሺህ ጊዜ «ከታየው» የበለጠ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

4. መድረኩ የሚቆጥረውና ምርምሩ የሚቆጥረው

ቻናል ለመክፈት ከሚቀርቡ ምክንያቶች አንዱ ገቢ ነው። ስለዚህ ስሌቱን በግልጽ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መስፈርት መሠረት አንድ ቻናል ከረጃጅም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ ለመጋራት 1,000 ተከታዮችና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የመመልከቻ ሰዓታት ያስፈልጉታል። ከዚህም በላይ የባለቤቱ ሀገር መድረኩ ገቢ ለመጋራት ካዘጋጀው የሀገሮች ዝርዝር ውስጥ መካተት አለበት፤ ይህም አስቀድሞ መጣራት ያለበት ነጥብ ነው። አራት ሺህ ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ተመልካች በአማካይ ሦስት ደቂቃ ቢቆይ 80,000 ዕይታ ይጠይቃል ማለት ነው።

አሁን ይህን ከምርምሩ ዓላማ ጋር እናነጻጽረው። የተጠናው ቀበሌ 200 ቤተሰብ ቢኖረውና ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው መልእክቱን አይቶ የውሃ ምንጩን ቢቀይር፣ ጥናቱ የታለመለትን ግብ ሙሉ በሙሉ መትቷል። በመድረኩ መለኪያ ግን 200 ዕይታ ከዜሮ ብዙም የሚርቅ አይደለም። ሁለቱን መለኪያዎች ለይቶ ያላስቀመጠ ተመራማሪ ቀስ በቀስ ወደ መድረኩ መለኪያ መንሸራተቱ አይቀርም። ርዕሱ ይጋነናል፤ የሽፋን ምስሉ ያስደነግጣል፤ «በአንዳንድ ጉድጓዶች» የሚለው ገደብ ይጠፋና «የስምጥ ሸለቆ ውሃ መርዝ ነው» ወደሚል ይለወጣል።

የጊዜው ስሌትም እንዲሁ መሠራት አለበት። አንድ ባለአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ጽሑፉን ከማዘጋጀት እስከ ቀረጻና ቅንብር 20 የሥራ ሰዓት ይወስዳል ብለን ብናስብ፣ በወር ሁለት ቪዲዮ በዓመት 480 ሰዓት ይሆናል። ይህም በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው የ12 ሳምንት ሙሉ ሥራ ነው። ለማስተርስ ተማሪ ይህ የአንድ ሴሚስተር አብዛኛው ክፍል ነው። ለአስተያየቶች መልስ መስጠት በዚህ ስሌት ውስጥ አልተካተተም።

አንድ ወጪ ግን ሊቀነስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና በኢዴክስ የትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ መመልከቻ ክፍለ ጊዜዎችን የመረመረ ጥናት፣ የቪዲዮው ርዝመት ምንም ያህል ቢሆን የተመልካቾች መካከለኛ (ሚዲያን) ቆይታ ከስድስት ደቂቃ እንደማይበልጥ አመልክቷል። መምህሩ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የሚናገርበት ቀለል ያለ ቀረጻም በውድ ስቱዲዮ ከተዘጋጀው የበለጠ ተመልካችን እንደሚይዝ አሳይቷል። በመሆኑም ስቱዲዮ እስኪሠራ መጠበቅም ሆነ የአንድ ሰዓት ሴሚናርን እንዳለ ቀርጾ መጫን በማስረጃ የተደገፈ ምርጫ አይደለም።

5. ቋንቋ፣ ዳታና መቋረጥ

አዳማ የኦሮምኛና የአማርኛ ተናጋሪዎች በየዕለቱ የሚገናኙባት፣ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መንገድና ባቡር የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ግን መልእክቱ የሚያስፈልጋቸው የብዙዎቹ ቤተሰቦች የቤት ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ቪዲዮው በአማርኛ ተሠርቶ፣ ተቀባዩ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ መልእክቱ ሁለት ጊዜ ርቋል። የቋንቋው ምርጫ በተናጋሪው ምቾት ሳይሆን ውሃውን በሚቀዳው ሰው ቋንቋ መወሰን አለበት። ተመራማሪው ቋንቋውን የማይችል ከሆነ ለአካባቢው ባለሙያ ማይክሮፎኑን መስጠት ይሻላል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዳማ የሚገኘው የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ወይም የአካባቢ ሬዲዮም ከአዲስ ቻናል በፊት ሊታሰቡ የሚገባቸው አማራጮች ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ የዳታ ፍጆታ ነው። በሰከንድ አንድ ሜጋቢት የሚፈስ መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በደቂቃ 7.5 ሜጋባይት ይወስዳል። ባለአራት ደቂቃው 30፣ ባለአርባ ደቂቃው 300 ሜጋባይት ነው። ጥቅል በቀን ለሚገዛ ተመልካች ይህ ልዩነት ማየትና አለማየትን ይወስናል። አነስተኛ መጠን ያለውን ፋይል አዘጋጅቶ በቴሌግራም ወይም ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፍ የተሻለ የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሦስተኛው መቋረጥ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ ሀገሪቱ በይነመረብ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዩቲዩብን፣ ፌስቡክን፣ ቴሌግራምንና ቲክቶክን በቀጥታ መጠቀም አይቻልም ነበር። ብቸኛ ማኅደሩን በአንድ መድረክ ላይ ያስቀመጠ የምርምር ክፍል በእንዲህ ያለ ጊዜ ከተቀባዩም ከሥራውም ይለያል። ዋናው ቅጂ በዩኒቨርሲቲው ማኅደርና በሃርድ ዲስክ ሊቀመጥ፣ መድረኩም ከማሰራጫዎቹ እንደ አንዱ ብቻ ሊታይ ይገባል።

6. ሕግና ሥነ ምግባር

በቻናል ላይ የሚናገር ተመራማሪ በሴሚናር ክፍል ከሚናገረው የተለየ የሕግ ሁኔታ ውስጥ ይገባል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወንጀሉ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲፈጸም ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ እንደሚደርስ ይደነግጋል። በሌላ በኩል አዋጁ የትምህርታዊ ጥናትና የሳይንሳዊ ምርምር አካል የሆነን ንግግር በልዩ ሁኔታ ከክልከላው ውጪ ያደርጋል። ይህ ጥበቃ ለተመራማሪ ትልቅ ዋጋ አለው። ጥበቃውን የሚያጠናክረውም ቪዲዮው ከጥናቱ ጋር ያለው ግልጽ ትስስር ነው፤ የመለኪያው ቀን፣ ዘዴውና ገደቡ በቪዲዮው ውስጥ መነገር አለባቸው። ዜናና ፕሮግራም በመደበኛነት ለማሰራጨት የሚያስብ ክፍልም የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስለ በይነመረብ መገናኛ ብዙኃን ያስቀመጠውን የምዝገባ ሥርዓት ከሕግ ባለሙያ ጋር ማየት ይኖርበታል።

የተቀራጮች መብት ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፍሎሮሲስ ማስረጃ ሲፈለግ ካሜራው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሕፃናት ጥርስ ነው። ይህ የጤና መረጃ ነው፤ ባለቤቱም ሕፃን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጤናን የሚመለከት መረጃ በልዩ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያስገድዳል። ለጥናቱ የተሰጠ ፈቃድ ለቪዲዮ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ሆነ ወላጆች ለብቻው ሊጠየቁ ይገባል። ፊትን ሳያሳዩ ጥርስን ብቻ መቅረጽ ወይም በሥዕል መተካት የሚቻል ከሆነ እርሱን መምረጥ ይሻላል። ለማጀቢያ የሚገባ ሙዚቃም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ባለቤት ያለው ሥራ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

7. እርማትና ባለቤትነት

በመጽሔት ላይ ስሕተት ሲገኝ እርማት ይታተማል። በዩቲዩብ ላይ ግን የተጫነን ቪዲዮ በዚያው አድራሻ በአዲስ ፋይል መተካት አይቻልም። ያለው ምርጫ ማብራሪያ መጨመር፣ የተሳሳተውን ክፍል መቁረጥ፣ ወይም ሰርዞ ከነአድራሻው አዲስ መጫን ነው። ወደ ቴሌግራም የወጣው ቅጂ ደግሞ ከእጅ ወጥቷል። በበጋ የተለካና ስሙ የተጠራ ጉድጓድ በቀጣዩ ዓመት ማጣሪያ ቢተከልለትም፣ ቪዲዮው ግን «አትጠጡ» ማለቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የሚለዋወጥ ውጤትን ለጽሑፍና ለጽሕፈት ቤት፣ የማይለዋወጥ መርህን ለቪዲዮ መተው ተገቢ ነው። ማፍላት ፍሎራይድን እንደማያስወግድ መናገር በአሥር ዓመትም እርማት አያስፈልገውም።

ባለቤትነት ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘለል ጥያቄ ነው። በተማሪ የግል ኢሜይልና ስልክ ቁጥር የተከፈተ የትምህርት ክፍል ቻናል ተማሪው ሲመረቅ አብሮት ይመረቃል፤ የማረጋገጫው ኮድ የሚላከው ወደ እርሱ ስልክ ነውና። አድራሻው የተቋሙ፣ ኃላፊነቱም ቢያንስ የሁለት ቋሚ መምህራን መሆን አለበት።

8. የውሳኔው ቅደም ተከተል

ከላይ የተነሡት ነጥቦች በሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች ሊጠቃለሉ ይችላሉ። ቅደም ተከተላቸው ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ «አይደለም» የሚል መልስ በተገኘበት ቦታ ማቆም ይገባል።

ሀ) ተቀባዩ ቪዲዮውን አይቶ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ? ከሌለ ጉዳዩ የጽሕፈት ቤትና የሰነድ ነው።

ለ) መልእክቱ ከጽሑፍ ወይም ከሬዲዮ ይልቅ ምስል ይጠይቃል? ማጣሪያን እንዴት ማጠብ እንደሚገባ ማሳየት ይጠይቃል፤ የላቦራቶሪ ውጤትን ማንበብ አይጠይቅም።

ሐ) ቪዲዮውን ይዞ የሚያሳይ፣ ተቀባዩ የሚያምነው ሰው ተገኝቷል?

መ) ፈቃዱ፣ የሕግ ምርመራውና የባልደረቦች ግምገማ ተሟልቷል?

ሠ) ከዚህ ቪዲዮ በኋላ ለሁለት ዓመት የሚቀጥል ርዕስ፣ ሰውና ሰዓት አለ?

እስከ «መ» ድረስ «አዎ» ያለ ተመራማሪ ቪዲዮ መሥራት አለበት፤ ቻናል ግን አያስፈልገውም። ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ቪዲዮዎችን ሠርቶ በተቋሙ ነባር ገጽና በጤና ባለሙያዎች በኩል ማሰራጨት ይችላል። «ሠ»ንም የሚያሟላው አብዛኛውን ጊዜ ግለሰብ ተማሪ ሳይሆን ተከታታይ ጥናት የሚያካሂድ ላቦራቶሪ ወይም የትምህርት ክፍል ነው። እርሱም ቢሆን አስቀድሞ ስድስት ያህል ቪዲዮዎችን ሠርቶ በማቆየት አቅሙን ቢፈትን፣ ከዚያ በኋላ ቢከፍት ይመረጣል።

9. ማጠቃለያ

የቪዲዮ ቻናል የምርምርን ውጤት ለሕዝብ ከሚያደርሱ መንገዶች አንዱ ነው፤ የመጀመሪያው መሆኑ ግን አልፎ አልፎ ብቻ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞችና ቀበሌዎች ለሚሠራ ተመራማሪ ወሳኙ ነገር መልእክቱ በትክክለኛው ቋንቋ፣ በሚታመን ሰው እጅ፣ መፍትሔውም በተገኘበት ጊዜ መድረሱ ነው። ይህ ሲሟላ አራት ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ በአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ ውስጥ ሆና የአንድ ትውልድ ሕፃናትን ጥርስና አጥንት ለመታደግ ልታግዝ ትችላለች። የትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ጥናት ሲያጸድቁ «ውጤቱ ለማን፣ በምን ቋንቋ፣ በማን በኩል ይደርሳል?» የሚል አንድ ገጽ እንዲካተት ቢጠይቁ፣ ቻናል የመክፈት ጥያቄም ተገቢውን መልስ በጊዜው ያገኛል።